የአባዬ ሐምራዊ አበባ

ሰኔ ላይ ከእንጦጦ ስወርድ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ወጣት አስቆመችኝ፤ በጥቁር ፌስታል የተተከለ፣ ቅጠሉ ረዘም ያለ አበባ አሳየችኝ።

«ሐምራዊ ነው የሚያብበው፣ አባባ። ምንም አያስቸግርም፣ ራሱ ነው የሚያድገው» አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። ራሱ ነው የሚያድገው! ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ከዚህ አበባ ጋር ያለኝን ቂም በምን ታውቃለች።

አባቴ ሲሞት ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የቀበናውን የኪራይ ቤታችንን ለቅቀን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ስንወጣ፣ እናቴ ድስትና ብርድ ልብስ ስትሸክፍ እኔ የአባዬን አበባ ሥር ቆፍሬ በማዳበሪያ ከረጢት ያዝኩ። በዕድሜዬ ድንች እንኳ ተክዬ አላውቅም። አባዬ ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራው ሲደርስ፣ ያንን አበባ ቆርጦ በጠርሙስ ውሃ አድርጎ ማኅበርተኞቹ ፊት ያስቀምጠው ነበር። እሱ ሲሞት በማኅበሩ ቦታውን የወረስኩት እኔ ነበርኩ። ማኅበርተኞቹ አባዬ ወደሌለበት ቤት ሲገቡ አበባው እንኳ እንዲቀበላቸው ፈለግኩ። ከእሱ የቀረን ሌላ ነገር አልነበረም።

መከራዬን አየሁ። አፈሩ ሲዘንብበት ጫማ ያወልቃል፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይደርቃል። ይሞቀዋል ብዬ ሥሩን አጥልቄ ቀበርኩት፤ ጠብቄ ጠብቄ ሳወጣው ግማሹ በስብሷል። የተረፈውን ከላይ ከላይ ተከልኩት፤ የጎረቤት ዶሮዎች ጫሩት። እሾህ ሰብስቤ አጠርኩለት፤ ከእንጦጦ የወረደ የኅዳር ውርጭ ጫፍ ጫፉን አቃጠለው። እናቴ በመስኮት እያየችኝ «ለዚህ ሁሉ ልፋት ጎመን ብትተክል ኖሮ እንበላው ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ግን ቅጠሉ ሽቅብ ተነሣ፣ ለመለመ። ጳጉሜን ላይ ጎንበስ ብዬ ስገልጠው ቅጠሎቹ መሃል እንቡጦች ተሸጉጠዋል። ሰው አፍ እንዳይገባ ፈርቼ ለእናቴም አልነገርኳት።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ሚካኤልን ተሳልሜ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ወለሉም ለምለም ተጎዝጉዞበታል። የአባዬ እኅት እትዬ አስካለ ለማገዝ ገና ጎህ ሲቀድ ከካራ መጥተዋል። ማጭድ እንደያዙ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ሰው ሊገባ ነው፣ እናንተ ቄጠማ እንኳ አልገዛችሁ!» አሉኝ እየሳቁ። «እንኳንም ጓሮ ውስጥ በቀለላችሁ። እንዴት ያለ ለምለም ነው!»

ዞሬ ጓሮውን አየሁ። እሾሁ ወደ ጎን ተደርጓል፤ ከአበባዬ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ከወለሉ ላይ አንድ ዘንግ አነሡ። ጫፉ ላይ ወፈር ያለው ነገር ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም፣ በጥፍራቸው ላጡት። ሐምራዊው ብቅ አለ።

«ይሄ የወንድሜ አበባ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ምነው እጄን በቆረጠው!» አሉና እዚያው ቁጭ አሉ። እንቡጡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ማኅበርተኞቹ ገቡ። «ቤቱ እንዴት ለምልሟል!» እያሉ የዓመት ልፋቴን ረግጠው አለፉ፣ ተቀመጡ፣ መረቁን። እኔም ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ። በማን ላይ ልጩህ? እትዬ አስካለ ጥግ ይዘው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሥሩ ከዚያ ወዲህ ቅጠል እንጂ አበባ አልሰጠኝም። ኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ማኅበርተኞቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፣ እትዬ አስካለም አረፉ።

የልጅቷን ችግኝ ግን እየተነጫነጭኩ ገዝቼ ገባሁና በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ የለ፣ የሚጫር አፈር የለ። ይኸው መስከረም ጠባና አበበች። ልጅቷ ልክ ነበረች፣ ራሷ ናት ያደገችው፤ ይህም ያናድደኛል። ወለሌ ሴራሚክ ነው፤ ቄጠማ የሚጎዘጎዝለት እንግዳ አይመጣበትም። ውሃ ሳጠጣት ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። እትዬ አስካለ ማጭዳቸውን ይዘው ብቅ ቢሉ፣ ዘንድሮ ራሴ አጭጄ እጎዘጉዝላቸው ነበር።