በመዳፌ የመረጥኩት ሆም ቴአትር

ጆሮዬ መድከም ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ እንዲህ በቀላሉ ስጽፈው ለአንባቢ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን ይህችን አንዲት ነገር ለሰው ላለመናገር ብዙ ዘመን ተሸሽጌአለሁ። ሰው ዐይኑ ሲደክም መነጽር ያደርጋል፣ ጉልበቱ ሲደክም ምርኩዝ ይይዛል፣ አያፍርም። ጆሮው የደከመ ሰው ግን ሞኝ ይመስላል። የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ ሰው ሲያዝን ፈገግ ይላል፣ ሰው ሲስቅ ያዝናል። እኔ ይህን ፈራሁ።

በዚያ ላይ በጆሮዬ የታወቅሁ ሰው ነበርኩ። ወደ ደባርቅ ሳንወርድ፣ ላይ ከተራራው፣ ጊች መንደር ሳለን፣ ከገደል ማዶ ሰው ሲጣራ ቀድሞ የሚሰማ እኔ ነበርኩ። ገብስ ስናጭድ "ዝም በሉ፣ ሰው ይጣራል" እላለሁ፤ ሌሎቹ "ነፋስ ነው" ይሉኛል፤ ቆይቶ ሰው መሆኑ ይታወቃል። ታዲያ የከዳኝ ያው ጆሮ ነው።

ሚስቴ በሕይወት ሳለች ነገሩ አልታወቀብኝም። ሰው ሲያናግረኝ ወደ እሷ እመለከታለሁ፤ እሷም እንደ ዋዛ አድርጋ "ስለ ዝናቡ እኮ ነው የሚሉህ" ትለኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ። እሷ ካረፈች በኋላ ብቻዬን ቀረሁና ዘዴ አበጀሁ። ሰው ሲናገረኝ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ "እግዜር ያውቃል" እላለሁ። ይህ ቃል የማይሆንበት ነገር ጥቂት ነው።

ቤቴ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩም ልጄ ስትዳር የተገዛ ዲቪዲ ነበረኝ። ዲስኮቼ መዝሙርና የልጄ ሠርግ ናቸው። ውሎ አድሮ የዲቪዲው ድምፅ እየራቀኝ ሄደ። ልጄ ዳባት አስተማሪ ናት። ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ "ይህ ዕቃ ድምፁ ታፍኗል" አልኳት። ከፍታ አዳመጠችው።

"አባዬ፣ ደኅና ነው እኮ።"

"አይደለም። ዲስኩንም ይቧጭራል።"

እንዲህ አድርጌ ያን ምስኪን ዕቃ በሐሰት ወነጀልኩት። ልጄም አመነችኝ። "እንግዲያው ዳባት ይምጡና የሚወዱትን ይምረጡ" አለች። መጓዜ ደስ አለኝ፤ መምረጡ ግን አስጨነቀኝ። ድምፅ ያልሰማ ሰው ድምፅ እንዴት ይመርጣል?

ዳባት አስፋልቱ ዳር ያለው ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ፣ ወንበር ሰጠኝ። እሱና ልጄ የተባባሉትን ብዙውን ኋላ ነው ከእሷ የሰማሁት።

"አባባ፣ ዲስክ እኮ አሁን የሚጠቀም የለም። ሁሉንም በፍላሽ ልገልብጥልዎት?" አለኝ።

"እግዜር ያውቃል" አልኩት።

ሦስት ዕቃ አቀረበልኝ። አንደኛው ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻ የሚገናኝ ትንሽ ማጫወቻ ነው። ሁለተኛው ሁለት ስፒከር አለው። ሦስተኛው ሆም ቴአትር የሚሉት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ለብቻው፣ ዲስክ ማጫወቻው ለብቻው፣ ስፒከሮቹ ብዙ፣ ቤዝ የሚሉት ጥቁር ሣጥን ደግሞ የእህል ጎታ ያህላል። ባለሱቁ አንዱን መዝሙር በሦስቱም ላይ በየተራ አጫወተ። እኔ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ እንደ ዳኛ አዳመጥኩ። የሰማሁት በድንጋይ ሥር የሚሄድ ውኃ ነው፤ የአንዱን ውኃ ከሌላው መለየት አልቻልኩም።

"የቱ ይሻላል ታዲያ?" አለኝ ባለሱቁ።

"እግዜር ያውቃል።"

"እግዜርማ ያውቃል፤ የሚወስዱት ግን እርስዎ ነዎት" ብሎ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። እኔም የሳቁበትን ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ።

ለመነሣት ስል ጥቁሩን ሣጥን ተደገፍኩ። ይኼኔ መዳፌ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ በእጄ ገባ፣ በክርኔ ወጣ፣ ደረቴ ላይ ደረሰ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ካገኘሁ ስንት ዘመኔ። እጄን ሳላነሣ "ይኸኛው" አልኩ።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ ተቃወመች። "አባዬ፣ ይህ ለአዳራሽ ነው። የቤትዎ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ይረግፋል።"

"ይርገፍ፤ እመርገዋለሁ።"

"ይኸው፣ አባባ ገና ወጣት ናቸው" አለ ባለሱቁ። ልጄ ትንሹ ይበቃል እያለች ብትለምነኝም እንቢ አልኩ። እስከዚያ ቀን ልጄን በእንዲህ ያለ ነገር እንቢ ብያት አላውቅም። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ከሱቁ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ትወስደኝ ነበር።

ዕቃውን በሚኒባስ ጭነን ደባርቅ ገባን። ልጄ ገመዱን ሁሉ አገናኝታ፣ አከፋፈቱን አሳይታኝ፣ ድምፁ ከየት እንዳያልፍ በቀለም ምልክት አድርጋ፣ በማግሥቱ ማስተማር ስላለባት ወደ ዳባት ተመለሰች።

አጥር የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ከጊች አብሮኝ የወረደ ሰው ነው። አንዳንድ በሬ አዋጥተን፣ ተቀናጅተን ስናርስ ኖረናል። ሚስቱ በዚያ ሰሞን ታማ ተኝታ ነበር። በሰፈራችን ሠርግ ሲሆን ዘፈን የምታወርደው እሷ ናት፤ የልጄን ሠርግም እሷ ናት ያደመቀችው። ልጄን ሸኝቼ ስመለስ ጎራ ብዬ ጠየቅኋት። ከስታለች፤ ተረብ ግን አልተወችም።

"ደግሞ ምን ተሸክመህ ገባህ?" ስትለኝ ከከንፈሯ ለየሁት።

"አንቺን ራስሽን ነው ያመጣሁት። ነገ የዘፈንሽውን እዚሁ እንደተኛሽ አሰማሻለሁ" አልኳት። ሳቀች።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ፣ የሠርጉን ዲስክ አስገባሁ፣ ከፈትኩት። የልጄን ምልክት አሳለፍኩት፤ ደረቴን ሳይነካኝ የተከፈተ አይመስለኝምና። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጡ፤ ከፊት የጎረቤቴ ሚስት አለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አፏን ከፍታ። ያኔ የትናንቱ ቃሌ ትዝ አለኝና በእነሱ አጥር በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ታማሚ ናት፣ ደስ ይላታል ብዬ ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከከበሮው ጋር መታሁ።

በሩ ተበርግዶ አንድ ሰው ገባና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ዘወር ስል የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ዐይኑ ቀልቷል፣ የሚለው አይሰማኝም። ጥሩምባው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ሳይ ገባኝ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ እየነፋ የሟቹን ቤት ይናገራል፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። እሷ ሌሊቱን አርፋለች። ጥሩምባው በደጄ አልፏል። ከአጥሩ ማዶ እሪ ሲባል አድሯል። እኔ የሟቿን ዘፈን በመስኮት አስተላለፍኩባቸው።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ግራና ቀኜ ሰው ፈቀቅ አለ። የሰው አፍ ሲንሾካሾክ ደኅና አድርጌ አያለሁ። ያኔ ተነሥቼ እውነቱን ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ጎረቤቴ ዘንድ ቀርቤ "መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ድንገት ሲመጣ ዕቃው በራሱ ተነሣ" አልኩት። መብራት እንደሆነ በደባርቅ ሲሄድ ሲመጣ ነው፣ ሰው ያምናል። ቀና ብሎ አየኝና ዐይኑን መለሰ። ደባል ኀፍረት ማለት ይህ ነው፤ አንዱን ለመሸፈን ሌላውን ደረብኩበት።

የሠልስቱ ቀን ጎረቤቴ በእጁ ጠራኝ። ከአጠገቡ ስቀመጥ ከድንኳኑ ማዶ የሚታየውን የቤቴን መስኮት በጣቱ አሳየኝ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ያን ለየሁት።

"እሺ፣ ዕቃውን መብራት አስነሣው። መስኮቱንስ ማን ከፈተው?"

 ለመስኮቱ የሚሆን ውሸት አልነበረኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እንድትሰማው ብዬ። አሰማሻለሁ ብያት ነበር። ጥሩምባውንም ለቅሶውንም አልሰማሁም። ጆሮዬ አይሰማም። ድሮም አይሰማም።"

እኔ በሹክሹክታ የነገርኩት መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ ያየኛል። ቆሎ የሚያዞረው ሰው ሳህኑን እንደያዘ ቆሟል። ለካ የማይሰማ ሰው የራሱንም ድምፅ ልክ አያውቀውም።

 ጎረቤቴ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ አፉን እንዳየው አድርጎ ነገረኝ። "ሴቶች ልጆቼ ድምጿን ሲሰሙ አስከሬኑን ትተው ወደ አጥሩ ሮጡ። ትንሿ 'እማዬ እዚያ ናት' አለች። መልሰን ያመጣናት ይዘን ነው።"

ልነሣ ስል ጉልበቴን ይዞ አስቀመጠኝ። ይቅር አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም። እንዲያው ጉልበቴ ላይ እጁን ትቶት ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ይጮህብኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን "እንደምን አደርክ" ሲሉኝ ከመንገድ ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማል። አንዳንዱ ያሾፋል፤ "እሳቸውን በመዳፋቸው ነው የሚያናግሯቸው" ይላል፤ የዳባቱን ነገር ልጄ አውርታላቸው ኖሯል። ልጄ እንደሰማች መጥታ አለቀሰች፤ አሮጌውን ዲቪዲ ይዛ ሄደች። እሷ ቤት እንደ ደወል ይናገራል አሉ። አዲሱን ዕቃ በጨርቅ ሸፈንኩት። ወደ ሱቁ እንዲመለስ አልፈለግሁም፤ ደግሞ በምን አፌ እመልሰዋለሁ?

አርባዋ ወጥቶ ጥቂት እንደቆየ ጎረቤቴ ያለወትሮው በሬን እስኪሰማኝ አንኳኩቶ ገባ። ድሮ ዝም ብሎ ነበር የሚገባው። ቁጭ አለና የተሸፈነውን ዕቃ ተመለከተ።

"እስቲ ክፈትልኝ" አለኝ።

 ዲስኩን አስገብቼ ሪሞቱን ለእሱ ሰጠሁት፤ "ልኩን አንተ አድርገው፣ እኔ አላውቀውም" አልኩት። ዝቅ አድርጎ ለራሱ አመቻቸው። መስኮቱን ተነሥቼ ዘጋሁት። እሷ ከከበሮው ፊት ወጣች። ለእኔ ምንም የለም፤ አፍ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል። እሱ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ያያል። በመካከሉ ዘፈኑን አቁማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ አንድ ሰው ዞራ ተናገረች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ጎረቤቴም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ።

አላስችል አለኝ። ሐዘንተኛን ማስደገም ነውር መሆኑን እያወቅሁ "ምን አለች?" አልኩት።

ምስሉን አቆመውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "አንተን ነው። 'የሙሽራዋ አባት ና ዝፈን ብንለው ብንለው ዝም አለን፤ ልጁን ቢድር ኮራብን' ነው ያለችው።"

ዲስኩን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቦታ ሴቶቹ ሲስቁ እያየሁ አብሬ ስቄያለሁ። እኔን መጥራቷን አላወቅሁም። ከበሮ እየተመታ፣ ከፊቴ ቆማ ጠርታኝ፣ እኔ እንደ ጌታ ሰው ተቀምጬ ነበር። ለካ ያኔም አልሰማም ነበር።

"አልኮራሁም፤ አልሰማኋት ነው" አልኩት።

"እኔ አውቄያለሁ" አለና በሪሞቱ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ። "ለሷ ንገራት።"

እጇ ወገቧ ላይ እንዳለ፣ መልስ እንደምትጠብቅ ሆና ቆማለች። ቆቤን አወለቅሁና ነገርኳት። ምን ያህል ጮኼ እንደተናገርኩ አላውቅም።