እህቴ የደበቀችኝ የሐኪም ቃል

ታላቅ እህቴን ይቅር ብያታለሁ የምለው ለሰው ነው እንጂ ለራሴ አልዋሽም።

በደርግ ዘመን ቀበና አብረን ስንኖር፣ ቡታጋዙ ድንገት ነዶ ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ ለበለበኝ። እንጀራዬ ታይፕ መምታት ነበር፤ ያለ ጣቶቼ ማን ይፈልገኛል? በየጧቱ ክሊኒክ እየሄድኩ የብር ማዕድን ያለበት ነጭ ቅባት ይቀቡኝና በፋሻ ይጠቀልሉልኛል።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሕመም ራሴን ስላላወቅሁ፣ ሐኪሙ ያለውን የሰማችው እህቴ ናት። በኋላ ስጠይቃት «ቅባቱ ይበቃታል፣ ጾሟንም ትጹም ብሏል» አለችኝ። አመንኳት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ አይደለች? ሽሮውንና ጎመኑን ሳላጉረመርም በላሁ።

ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል፤ የምበላው ሁሉ አፌ ውስጥ ጣዕም የለውም። በአምስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ሲያየው ተቆጣ።

«እንቁላል፣ ጉበት አትበዪም እንዴ? ቁስሉ ባዠ ቁጥር ዚንክና መዳብ ከሰውነትሽ ይወጣል። ቅባቱ ውስጥ ያለው ብር ደግሞ ወደ ደምሽ እየገባ የተረፈውን መዳብ ይሻማል። በምግብ ካልተካሽው በምን ይድናል? ጾሙ ይቅርባት ብዬ ለእህትሽ ነግሬያት የለም?»

ቤት ስደርስ ምስር እየለቀመች አገኘኋት።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ጾሙ ይቅርባት ብሎሽ ነበር?»

ቀና አላለችም። «ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ። ሁዳዴን ቤቴ ፍስክ አይገባም ብዬ።»

«ለእጄ ነው?»

«ለልጄ።»

ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል። ጭንቀቷ ይገባኛል። ግን ብትነግረኝ ኖሮ ወሰን ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ እየበላሁ እድን ነበር፤ ስለቷም አይፈርስም ነበር። እሷ ግን ሳትጠይቀኝ የእኔን ሥጋ ሰጠች። ያን ቀን እንደ ተቃጠልኩት እሳቱም አላቃጠለኝ።

ቁስሉ ዘግይቶ ገጠመ። ሁለት ጣቶቼ እንደታጠፉ ስለቀሩ ከታይፕ አንስተው መዝገብ ቤት መደቡኝ።

ክረምት ሲገባ ልጇ በደህና መጣ። እህቴ መሬት ስማ እልል አለች፣ ጎረቤቱም ግቢውን ሞላው። እኔም አቅፌው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው።