ሰው አለው

ከሾፌሩ ጀርባ ካሉት ሽማግሌ ጎን ልቀመጥ ስል፣ «ሰው አለው፣ ልጄ» አሉኝ። ሰውየው ሳይመጣ አውቶቡሱ ተነሣ፤ እኔም የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ጭናቸው ላይ የበቅሎ ቃጭል ይዘዋል። እንዳይጮህ ምላሱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

አቀበቱን ጨርሰን የተራራው መተላለፊያ በር ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው አቆመ። ሽማግሌው ኮታቸውን ቆልፈው ወረዱ፤ ወደመጣንበት ዞረው አፏጩ፤ ከዚያ ጆሯቸውን አቅንተው ቆሙ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ጨው ጭነው እዚህ ሲደርሱ የፊተኛው ያፏጫል። የኋለኛው ካልመለሰለት ቁልቁለቱን አይጀምርም። ኋለኛው ወንድማቸው ነበሩ አሉ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጦር በሩን ያዘው። የዚያን ዕለት ያፏጨ ይገደል ነበር። እሳቸውም ቃጭሉን አፍነው ሳያፏጩ ወረዱ፤ ወንድማቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዩም።»

ይህን በር የእኔ ነው ያላለ መንግሥት የለም። በምሽግ ላይ ምሽግ ተቆፍሯል፤ ባንዲራ ወርዶ ባንዲራ ተሰቅሏል። የበቅሎ ኮቴ የበላው ድንጋይ ግን እንደ ሳህን ጎድጉዶ ዛሬም አለ።

ሽማግሌው ተመልሰው ከባዶው ወንበር ጎን ተቀመጡ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረጉት።

«ቀስ በል፣ ልጄ። ከኋላ ሰው አለ።»

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ዞረን አየን።