በኬክ ሊመታ የነበረው ሽማግሌ

ኖርዝጌት ያለው ኮሌጅ የቲያትር ክላስ ስወስድ፣ የድሮ አሜሪካውያን ኮሜዲያኖች መድረክ ላይ ሰው እንዴት ያስቁ እንደነበር ተማርን። ቮድቪል ይሉታል። ነገሩ አጭር ነው፤ አንድ ኩሩ ሰው አለ፣ አንድ ተንኮለኛ አለ፣ መጨረሻ ላይ ኩሩው ፊቱን በክሬም ኬክ ይመታል። እኔና ጓደኛዬ ይህንኑ በአማርኛ ለኮሚዩኒቲው የበዓል ፕሮግራም እንሥራው ተባባልን። እሱ ተንኮለኛው፣ እኔ ኩሩ ሽማግሌ ሆንኩ።

ሽማግሌውን ከየት አመጣሁት? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአማቴ ነው። የሚስቴ አባት ከአገር ቤት ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው፤ ማውንትሌክ ቴራስ ባለው ቤታችን ከእኛና ከልጆቻችን ጋር ይኖራሉ። ወንበሩን በመሐረብ ሳይጠርጉ አይቀመጡም፤ ጉሮሯቸውን ሦስቴ ሳይጠራርጉ አንድ ቃል አይወጣቸውም። «ጉልበቴን አሞኛል፣ አልመጣም» ብለውኝ ስለነበር ያለ ሐሳብ ተለማመድኩ።

የበዓሉ ቀን የጥጥ ጢሜን አድርጌ መድረክ ላይ ስወጣ፣ አማቴ ፊት ለፊት ሚስቴ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ጉድ ፈላ! ወንበሩን በመሐረብ ጠረግኩ፤ አዳራሹ ሳቀ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፤ ሰው በሳቅ ሞተ። የእሳቸው ጥርስ ግን አልታየም። ሚስቴ አንገቷን ደፍታለች። በምን ፊቴ ቤት ልገባ ነው እያልኩ ላቤ ይንቆረቆራል።

ጓደኛዬ ኬኩን አነሳ። ያኔ አማቴ ብድግ አሉ።

«ተው! ምግብ አይወረወርም! ነውር ነው!»

ከዘራቸውን ተመርኩዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ጓደኛዬ ግራ ቢገባው ጎንበስ ብሎ ኬኩን በሁለት እጁ አስረከባቸው። እኔ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አማቴ በእጃቸው ቆርሰው ከነጢሜ አጎረሱኝ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሌላ ትልቅ ደገሙኝ። ጥጡንም ሳልውጠው አልቀረሁም። ሕዝቡ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ጓደኛዬም ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ጎረሰ። ጭራሽ ሰዉ «ይደገም!» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን መኪና ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መታገሥ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርስዎን ሁኔታ ነው የሠራሁት።»

«አላወቀም ብለህ ነው?» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ እናንተ ስትስቁ ‹ምን አሉ?› እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ዛሬ ሁሉም የሳቀው እኔ ባልኩት ነው።»

እፎይ አልኩ። ልጆቹ ምን እንዳሉ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ሳልነግራቸው መክረሜ ግን አሳፈረኝ።