በጅራፍ ድምፅ ማን ደነገጠ?

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን አላስቀምጥ ብለውኛል። ነገሩን ያመጣችው ሕግ የምትማረው ትልቋ ናት። ለቡሄ ስትመጣ ያንን ወፍራም መጽሐፏን ታቅፋ መጣችና፣ ሙልሙሏን እየገመጠች፣ «እምዬ፣ ሽብር ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ተማሪዋ አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?»

«መምህራችን ነዋ፣ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ ያሉን።»

ታናናሾቿ ይህን ሲሰሙ «ይንገሩን! ያቺን የጅራፏን!» ብለው ከበቡኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ግማሹን አረም ሳርም ረስቼዋለሁ። የሕጉን ፍቺ ከእኔ የሚጠብቅ የለም። የማውቀው አንድ ክረምት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከጋፋት በላይ ነበር፤ ማለዳ የተነሣ ሰው ደብረ ታቦር ከተማ ለቁርስ ይደርሳል። እኔ ገና አልተዳርሁም። ሽብር የሚለውን ቃል የምንሰማው ከሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የአያ ዋሴ ነው፤ ደጃቸው ላይ ያስጮሁታል። ቀይ ሽብር፣ ነጭ ሽብር ይላል። እናቴ «ሽብር ደግሞ መልክ አለው?» ትል ነበር። ከከተማ ግን ወሬው ይመጣል፤ የእገሌ ልጅ ተወሰደ፣ የእገሊት ልጅ አልተመለሰም እየተባለ። ታስሮ ወደ ከተማ የወረደ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚጠራ።

ነሐሴ በእኛ አገር ሆድ የሚባባበት ወር ነው። ጎተራው ተጠርጓል፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ድንች ግን ይደርሳል። አዲስ ድንች ተቀቅሎ፣ ልጣጩ እየተገፈፈ በሚጥሚጣ ሲበላ፣ ውጭ ዝናቡ ሣር ክዳኑን ሲደበድበው... ይኸ አፌ ሁልጊዜ ወደ ምግብ ይሮጣል። ወደ ጅራፉ ልመለስ።

ቡሄ ሲቃረብ የእኛ መንደር ጎረምሶችና የወንዙ ማዶዎቹ በጅራፍ ይጠያየቃሉ። አንዱ ከዚህ ተረተር ላይ ያጮሃል፤ ሌላው ከወዲያ ማዶ ይመልሳል። ሽማግሌዎች ደጃቸው ቁጭ ብለው «ይህቺ የእገሌ ናት» እያሉ በድምፅ ይለያሉ። የእኛ መንደር አውራ ታላቅ ወንድሜ አላምረው ነበር። ልጡን ራሱ ልጦ፣ ራሱ ገምዶ፣ ውኃ አጠጥቶ ሲያጮኸው ተራራው ይቀበለዋል። አባታችን ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ የቤቱም አራሽ እሱው ብቻ ነበር።

በቡሄ ዋዜማ እኛ ሴቶቹ ከወንዙ ዳር ጤፍ እናርማለን። አንድ ወጣት ካድሬ ለስብሰባ ከከተማ ይመጣል ተብሎ ነበርና፣ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር በዚያችው በወንዙ ዳር መንገድ ብቅ አለ። ወንድሜ ከላይ አጮኸ። ከማዶ መለሱለት። ደገመ፤ ደገሙለት። ቀና ብንል ካድሬው የለም። ቆይቶ፣ ከማሳው ውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ እስከ አንገቱ በጭቃ ተለውሶ ተነሣ። ሽጉጡን መዝዟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ታጣቂዎቹ የአገራችን ልጆች ናቸውና ባሉበት ቆመው ያዩታል። እኛም አልሳቅንም። ሽጉጥ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አያስቅም።

አላምረውን በገዛ ጅራፉ የፊጥኝ አሰሩት።

በማግስቱ፣ በቡሄ ዕለት፣ አያ ዋሴ ደጅ ተሰበሰብን። ካድሬው ተነሥቶ፣ «ይህ ሰው ሕዝብ አሸብሯል። ነገ ወደ ከተማ ይወርዳል» አለ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

አያ ዋሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጓድ፣ እንግዲህ ቃሉን ከሬዲዮ እንሰማዋለን እንጂ አናውቀውም። ሽብር ማለት ምን እንደሆነ ለሕዝቡ ይንገሩልን።»

«ሕዝብን ማስደንገጥ ነው፣ ጓድ ዋሴ። ሰላሙን መንሳት።»

«እንዲህ ከሆነማ ሕዝቡ እዚሁ አለ። ማን ደነገጠ?»

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ብድግ አሉ። «እኔ ደንግጫለሁ!»

እናቴ መሬት ልትገባ ደረሰች።

«የማዶዎቹ ጅራፍ የእኛን ሲበልጥ ጊዜ ክው አልሁ። ዘንድሮስ ተዋረድን ብዬ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «የእኔማ ላም ከግጦሿም ቀና አላለች» አለ ሌላው። ታጣቂዎቹ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አያ ዋሴ ግን አልሳቁም። ወደ ካድሬው ዞረው ቀስ ብለው፣ «ጓድ፣ እርስዎም ከሕዝቡ አንዱ ነዎት። እርስዎስ?» አሉት።

ሳቁ ጠፋ። የቦዩን ነገር ሁላችን እናውቃለን። «አዎን» ካለ ወንድሜ መውረዱ ነው። ካድሬው አላምረውን አየው፤ ከዚያ እጁ ላይ የተጠመጠመውን ጅራፍ አየ፤ ዓይኑን ከጅራፉ መንቀል አቃተው። ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር።

«እኔ አልደነገጥሁም» አለ በመጨረሻ። «ጭቃው አዳልጦኝ ነው። ፍቱት።»

እናቴ እልል እያለች ሮጣ ለካድሬው ሙልሙል አመጣችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆመ፤ አልበላውም። «ከተሜ፣ የገብስ ዳቦ ይንቃል» አልን። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጓድ አዳለጠኝ ሆነ። ወንድሜም በዚያው ዓመት ጎጆ ወጣ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ያርሳል። ማንም በዝናብ በወደቀ ቁጥር «ጓድ አዳለጠኝ!» እየተባለ ስንት ክረምት ተሳቀ።

ልጆቹም ሳቁ። ሕግ ተማሪዋ መጽሐፏን መታ መታ አድርጋ፣ «ታዲያ እምዬ፣ ክሱ በሕግም አይቆምም ነበር። የተሸበረ ሰው የለማ!» አለችኝ።

«ዝጊው እስቲ መጽሐፉን» አልኋት። የቀረውን ከዚያ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ቆይቶ፣ ሐሙሲት ገበያ ውዬ ከአንዲት የደብረ ታቦር ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ጨዋታ ያዝን። የጓድ አዳለጠኝን ነገር አጫወትኋት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ወንድሜ ነው» አለችኝ። ወደ እኛ መንደር ከመጣበት በፊት በነበረው ዓመት ቡሄ፣ ከተማ ውስጥ፣ ትንሹ ወንድማቸው ደጃፋቸው ላይ ጅራፉን ሲያጮህ ወታደሮች ተኩስ መስሏቸው ተኩሰው ገደሉት። ካድሬው ከቤት ወጥቶ አነሣው፤ ልጁ ጅራፉን በአንድ እጁ፣ ሙልሙሉን በሌላው እንደያዘ ነበር።

አላምረው የተፈታበት ዕለት የዚያ ልጅ ሙት ዓመት ነበር።