ሰሊጥ ያለበት የገና ካርድ

ጎረቤቴ እታፈራሁ በሱዳን ጠረፍ፣ ሽንፋ ከተማ የገና ካርድ በእጇ ትሠራለች። አበባ ያለበትን የስጦታ ወረቀትና ከሱዳን የመጣ የከረሜላ ካርቶን ቆርጣ ትለጥፋለች፤ ኮከቡን የምትሠራው በሰሊጥ ፍሬ ነው። "እንኳን አደረሳችሁ በስልክ በሚባልበት ዘመን ምን ያደክምሻል?" እያልሁ ስነዘንዛት ኖሬአለሁ።

ዘንድሮ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ዋለ የሚባል ወጣት፣ አገሩ ሊገባ ሲል ለእናቱ ካርድ አዘዛት። እሷም መሀሉ ላይ እንደ ገና ዛፍ አድርጋ፣ እሱ ካጨደው ሰሊጥ አንድ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ለጠፈችበት። ሰሊጥ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ ትንሽ ካዘነበለ ይረግፋል። አጫጆች ነዶውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

መናኸሪያ ስሸኘው "ሻንጣህ ውስጥ ክተተው" አልሁት።

"ሰሊጥ ይጋደማል እንዴ?" አለና ካርዱን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ አውቶብሱ ውስጥ ተቀመጠ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሰውን እንኳ ከወንበሩ ያነሳል።

በገና ማግስት ደወለልን። እናቱ ሰሊጥ ሲታጨድ አይተው አያውቁም። ካርዱን ዘቅዘቅ ቢያደርጉት፣ ልጃቸው ሲያጭደው የከረመው ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ ዝርግፍ አለ።

ከዚያ ወዲህ ለእታፈራሁ ወረቀት የምቆርጥላት እኔ ነኝ።