የሴት ዓይን ደም

በጃንሆይ ጊዜ ባሌ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። አንድ ጠዋት የቀኝ ዓይኑ በድንገት ጭልም አለበት። ገበያው አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ የነበረው ድሬሰር ዓይኑን በባትሪ አየና «ይሄ የደም ሥር ነው፤ ቶሎ አዲስ አበባ ይሂድ» አለ። በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፈረ። ሲመለስ የዓይኑ ብርሃን እንደ ድሮው ባይሆንም ክሬኑ ላይ ለመውጣት በቃ።

በዓመቱ ደግሞ የእኔ ግራ ዓይን ጨለመ። አላመመኝም። የመጀመሪያ ልጄን እያጠባሁ ነበር። እዚያው ድሬሰር ጋ ሄድን፤ ባትሪውን አበራ፣ አጠፋ።

«ይሄ ሌላ ነው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለባሌ። «የሴት ዓይን ደም ከወሊድ በኋላ ያንሳል፤ ልጁን ጡት ስታስጥል ይመለሳል። ጉበት ትብላ።»

ባሌ እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ማን ሕፃን ታቅፎ አውሮፕላን ይሳፈራል?

ጉበት በላሁ። በዚያ ሙቀት ሳይበላሽ የሚገኘው በማለዳ ስለሆነ ባሌ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሥጋ ቤት እየሄደ ያመጣልኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ስለ ዓይኔ «መጣልሽ?» ይሉኛል፣ እንግዳ የምጠብቅ ይመስል። «መንገድ ላይ ነው» እላቸዋለሁ።

ልጁ ጡት ተወ። ዓይኔ አልመጣም። ያኔ ባሌ አዲስ አበባ ወሰደኝ። የዓይን ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ብዙ ካየኝ በኋላ፣ ደም ወደ ዓይኔ የሚያደርሰው ሥር ከተዘጋ መቆየቱን ነገረኝ።

«የሴትና የወንድ ይለያያል የሚባለው እውነት ነው?» አልኩት።

«የደሙ አካሄድ ትንሽ ሊለያይ ይችላል» አለ። «ሲዘጋ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ያኔውኑ መጥተው ቢሆን እንሞክር ነበር።»

ባሌ አለቀሰ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ወለሉ በደንብ መወልወሉን አስተዋልኩ፤ ልጁ ጎረቤት ቤት በልቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ አሰብ ውስጥ ስንወጣ የጭነት መኪና እንዳይገጨኝ ባሌ ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ይሄዳል። ደግ ሰው ነው። እጄን ይዞ ያወራኛል፤ የሰፈሩ ሴቶችም «እንዴት ቢወድሽ ነው!» ይሉኛል። ድምፁን እሰማለሁ። ፊቱን ለማየት ግን ዞር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ አልዞርም።